ሲስተር አይናዲስና የመስኮቱ ድንጋይ

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ትንሽ ወረድ ብሎ ባለው የጥርስ ክሊኒክ ሲስተር አይናዲስን የማያውቅ ሰው ካለ ጥርሱ ደኅና ነው ማለት ነው። ከቁይም ይምጣ ከደምበጫ፣ ጉንጩ አብጦ፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ የገባ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የእሷን እጅ ነው። ወፈር ያለ፣ ሁልጊዜ የሚሞቅ እጅ ነው። ጥርሱን የሚነቅሉት ዶክተር አምደሚካኤል ናቸው፤ ምርቃቱን የምትወስደው ግን እሷ ነች። ምርቃት ደግሞ ሲበዛ ያሰክራል። አይናዲስ ሃያ ዓመት ሙሉ ስትመረቅ ኖራ ትንሽ ሞቅ ብሏት ነበር ብንል ሐሜት አይሆንብንም።

የቁይ ገጠር ልጅ ነች። ወደ ከተማ የመጣችው በጽዳት ሠራተኛነት ነው፤ እየሠራች ተምራ ነርስ ሆነች፤ ባሏን ቀበረች፤ አንዲት ልጇን ባሕር ዳር ዳረች። ኮሌጅ ሳለች ስለ ተሕዋስያን ያስተማሯትን ሁሉ በቃሏ ይዛ ፈተናውን አለፈች፤ ከፈተናው ማግሥት ግን ወደ ቀድሞ እምነቷ ተመለሰች። ለእሷ የበሽታ ሁሉ አባት ብርድ ነው። ጥርሱ የተነቀለን ሰው ነፋስ ከመታው ፊቱ ይጣመማል፤ ላብ ያለበትን ሰው ከመታው ደግሞ ሌላ ነው። የማርቆስን ብርድ የቀመሰ ሰው አይፈርድባትም። ስለዚህ የክሊኒኩ መስኮት ከተሠራ ጀምሮ የተከፈተበት ቀን በጣት የሚቆጠር ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ዶክተር አምደሚካኤል የናይትረስ ኦክሳይድ መሣሪያ አስመጡ። ፈሪ በሽተኛ አፍንጫው ላይ ትንሽ ጭንብል ይደረግለታል፤ ከኦክስጅን ጋር የተደባለቀውን ጋዝ ሲስብ ሰውነቱ ይላላል፣ ፍርሃቱ ይሸሻል፣ ግን አይተኛም፤ ሲጠሩት አቤት ይላል። ሲያበቃ ለጥቂት ደቂቃ ኦክስጅን ብቻ ይሰጠውና በእግሩ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሰዉ «የሳቁ ጋዝ» አለው እንጂ ብዙም የሚስቅ አልነበረም። አይናዲስ በጣም ወደደችው። እያባበለች ግማሽ ቀን የምትፈጅበትን ፍርሃት በአምስት ደቂቃ ያበርድላታል። ለሚፈራውም ለማይፈራውም «ትንሽ ይሰጠው» ማለት አመጣች።

መሣሪያው ሲመጣ እሷና መቅዲ ለሁለት ቀን ሥልጠና ባሕር ዳር ሄደው ነበር። መቅዲ የጎረቤቷ ልጅ ነች፤ ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ክሊኒኩ ውስጥ ሥራ ያስገኘችላት አይናዲስ ነች። አሠልጣኙ እየደጋገመ የተናገረው ሁለት ነገር ነበር። አንደኛው፣ በሽተኛው ሲተነፍስ ጋዙ አብሮ ስለሚወጣ የአየር ማስወጫው እንዳይዘጋ፣ ማራገቢያውም እንዳይጠፋ ነው። «በሽተኛው ሩብ ሰዓት ስቦት ይሄዳል፤ እናንተ ግን በየቀኑ እዚያው ናችሁ» አላቸው። ሁለተኛው፣ እርጉዝ የሆነች ሠራተኛ ለኃላፊዋ እንድትናገርና ጋዝ ሲከፈት ከክፍሉ እንድትወጣ ነው። ሴቶቹ ሁሉ በደብተራቸው ጻፉት። የእኛ አገር ሴት ግን ሆዷ ሳይገፋ አርግዣለሁ አትልም፤ ከሰው ዓይን ትደብቀዋለች፣ ከእናቷም ትደብቀዋለች።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ መርጌታ አካለ ወልድ ከዲማ መጡ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ ሰባን አልፈዋል። ስንቱን ተማሪ በአንድ ቃል ያንቀጠቀጡ ሰው የመንቀያውን ጉጠት ሲያዩ ራሳቸው ተንቀጠቀጡ። አይናዲስ ጭንብሉን አደረገችላቸው። ከወንበሩ በላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ማራገቢያ እያጓራ አየሩን ወደ ውጭ ሲስብ፣ በበሩ ሥር የሚገባው ብርድ እግራቸውን አገኛቸው።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ጥርሴን ልትነቅሉ ነው ወይስ በብርድ ልትገድሉኝ?»

«ምን ልታዘዝ፣ መርጌታ?»

«ያን የሚያንኮራፋ ነገር ዝም አሰኚልኝ።»

ማራገቢያውን አጠፋችው። ወዲያው የውጭው ነፋስ በቀዳዳው እያፏጨ ገብቶ አናታቸው ላይ ወረደ። ይኸኔ ከመሳቢያ አሮጌ የጋቢ ቁራጭ አወጣችና ቀዳዳውን ወተፈችው። ለአንድ ሽማግሌ፣ ለሩብ ሰዓት ብላ ነው። መርጌታ ከወንበሩ ሲነሡ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው «ጎዶሎሽን ይሙላልሽ፤ ብርድ አይንካሽ» ብለው መረቋት። ያን ቀን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

በማግሥቱ አንዲት አሮጊት መጡ፤ እሳቸውም በረዳቸው። ከዚያ ልጅ ያዘለች መጣች። መጀመሪያ ጠዋት የተወተፈው ማታ ይነቀል ነበር፤ ቆይቶ መነቀሉ ቀረ። የጥርስ መሰርሰሪያው ኮምፕሬሰር ጩኸት ጆሯቸውን የደፈነባቸው ዶክተር የማራገቢያውን ዝምታ ልብ አላሉትም፤ መቅዲም ማራገቢያው የተበላሸ መሰላት። ወራቱ ሄዱ፣ ብርዱም ሄደ፤ ውታፉ ግን እዚያው ቀረ።

ምልክት አልጠፋም ነበር። ከሰዓት በኋላ እሷንም መቅዲንም ራሳቸውን ያማቸዋል። መቅዲ ያለ ነገር ትስቃለች፣ ቆይታ ደግሞ ትፈዛለች። በነቢያት ጾም «ጾም ነው» ተባባሉ። ጾሙ ተፈታ፤ ራስ ምታቱ አልተወም። ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደገና «ጾም ነው» አሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ያልቀመሰ ሰው ራሱን ቢያመው ምን ይገርማል? እኛ ስንቱን የማይመለከተውን ነገር በጾም እናሳብባለን።

በዐቢይ ጾም አምስተኛ ሳምንት መቅዲ ከሥራ ቀረች። አይናዲስ አጥሚት ይዛ ልትጠይቃት ሄደች። ፊቷ አመድ መስሎ ተኝታ አገኘቻት።

«ሦስተኛ ወሬን ይዤ ነበር፣ እትዬ» አለቻት። «ጨነገፈብኝ።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ለማንም አልተናገርኩም። አሁንም ለዶክተር እንዳይነግሩብኝ።» ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ወተት ጠጥቼ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ሲያጥወለውላት፣ ሰውነቷም ሲዝል፣ ተደብቃ አንድ ኩባያ ወተት ጠጥታለች። የንስሐ አባቷ «ለነፍሰ ጡር ይፈቀዳል ልጄ፣ በዚህ እግዚአብሔር አይቆጣም» ቢሏትም አልሰማቻቸውም። ከአልጋዋ እንደተነሣች በየቀኑ መቶ መቶ ስግደት በራሷ ላይ ጫነች። አይናዲስ አቅፋት አብራት አለቀሰች። ያን ቀን ያለቀሰችው በንጹሕ ልብ ነው፤ እንደዚያ ያለ ልቅሶ ከዚያ ወዲህ አላገኘችም።

ግንቦት ላይ ደመላሽ የሚባል የመሣሪያ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። በዓመት አንድ ጊዜ የሚመጣ፣ ነገር የማያስረዝም ሰው ነው። መቅዲ ዕረፍት ላይ ነበረች። ደመላሽ የሲሊንደሩን መጋጠሚያ የሳሙና አረፋ ቀባው፤ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ አለ።

«እየፈሰሰ ነው» አለ። «ለመሆኑ ይህን ጋዝ ለማን ለማን ነው የምትሰጡት?»

«ለመጣው ሁሉ» አለች አይናዲስ፣ ደግነቷን እየቆጠረች።

«ለማይፈራ ሰው ለምን ይከፈታል? ይህ ጋዝ ከዚህ ሲወጣ የትም አይጠፋም፤ ሰማይ ላይ ከመቶ ዓመት በላይ ይቆያል፣ ምድርን ያሞቃል። ለሚያስፈልገው ሰው፣ በሚያስፈልገው ልክ፤ ሲያበቃ ደግሞ ሲሊንደሩን ጥርቅም አድርጋችሁ ዝጉ።»

ይህን እያለ መጋረጃውን ገለጠ። እጁን ሰድዶ አቧራ የጠጣውን የጋቢ ቁራጭ ጎትቶ አወጣው።

«ይህን የወተፈው ማነው? ወራት ሙሉ ይህን አየር ስትተነፍሱ ነበር ማለት ነው። እርጉዝ ሴት የለችም በመካከላችሁ?»

«የለችም» አሉ ዶክተር አምደሚካኤል፣ በሙሉ እምነት።

«ተመስገን ነው። አንድን ሰው ነጥሎ ይህ ጎዳው ማለት አይቻልም። እንዲህ አየር በማይወጣበት ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ላይ ግን ጽንስ መጨንገፍ እንደሚበዛ ጥናቶች ይናገራሉ።»

አይናዲስ የወንበሩን ጀርባ ያዘች። በዚያ ክፍል ውስጥ የመቅዲን ነገር የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች።

ዶክተሩ ዘበኛውን አያ አበረን አስጠሩ። አያ አበረ በዚያ ዓመት የክሊኒኩን የአይጥ ቀዳዳ ሁሉ በጨርቅ ሲደፍኑ የከረሙ ሽማግሌ ናቸው። ጨርቁን ተቀብለው አገላበጡት።

«እንጃ» አሉ። «እኔ የደፈንኩት የታች የታቹን ይመስለኝ ነበር። ግን ሌላ ማን ይወትፋል? እኔ ነኝ መሰለኝ። እርጅና ነው፣ ይቅር በሉኝ።»

ይኸኔ ነበር መናገር። እሷ ግን ጎንበስ ብላ የፈሰሰውን የሳሙና አረፋ መጥረግ ጀመረች። ዶክተሩ ሽማግሌውን ገሠጹ፤ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው እጅ ነሥተው ወጡ። መቅዲ ከዕረፍት ስትመለስ «ማራገቢያው ተጠገነ፤ ከእንግዲህ መስኮቱም ክፍት ይዋል» ብቻ ተባለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ጊዜ አይናዲስ እንዴት እንደኖረችው ራሷም አታውቀውም። ጠዋት በር ላይ አያ አበረ ቀድመው «እንዴት አደርሽ እታለም» ይሏታል፤ እሷ መሬት መሬት እያየች ታልፋለች። ሰው ሲመርቃት ጆሮዋ ይቃጠላል። «አንድን ሰው ነጥሎ ማለት አይቻልም» የምትለዋን የደመላሽን ቃል እንደ ክታብ አንገቷ ላይ አሰረቻት። እውነት ነው፣ አይቻልም። ዝም ማለቷን ግን ነጥሎ ማየት ይቻላል፤ እሱን ማንም ጥናት አላስፈለገውም። አፈረች። ያፈረችው ደግሞ በሠራችው ብቻ አይደለም፤ ይህን ሁሉ ዓመት ደግ ነኝ ብላ ባመነችው ነገር ነው።

አንድ ቀን መቅዲ ስታነክስ አየቻትና የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ አስቀመጠቻት። ቀሚሷን ከፍ ስታደርግ ሁለቱም ጉልበቶቿ ጠቁረው ቆስለዋል።

«በቃሽ እንጂ ልጄ፤ እስከ መቼ ነው?»

«እግዚአብሔር እስኪታረቀኝ፣ እትዬ።»

አይናዲስ ቫዝሊን አመጣችና በዚያ በሚሞቅ እጇ የልጅቱን ጉልበት አሸችላት። አሸችላት እንጂ አልነገረቻትም። መቅዲ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ እርስዎ ባይኖሩ ምን ይውጠኝ ነበር» ብላ እጇን ሳመቻት።

ሰኔ ሲገባ መርጌታ አካለ ወልድ ሌላ ጥርስ ይዘው ተመለሱ። ዶክተሩ አጠገባቸው ነበሩ፣ መቅዲ የዕቃ ሳህኑን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ማራገቢያው ያጓራል። መርጌታ አንገታቸውን በነጠላቸው እየሸፈኑ አይናዲስን ፈለጓት።

«ልጄ፣ እንደ ባለፈው በጋቢሽ አትወትፊልኝም?»

ዶክተር አምደሚካኤል ፈገግ አሉ። «ተሳስተዋል መርጌታ። ያን ያደረገው ዘበኛችን ነው፣ ሳያውቅ።»

መርጌታ አይናዲስን አዩዋት፤ እሷ ወለሉን አየች። ሽማግሌው ግንባራቸውን አሹ።

«እንግዲያ ተሳስቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ እኮ በዓይኔ ያየሁ መስሎኝ ነው። ከሰባ በኋላ ሰው የገዛ ራሱን ማመን ያቅተዋል። አትታዘቡኝ።»

ስንት ሺህ ቅኔ በቃላቸው ይዘው የኖሩ፣ እንጀራቸውም ክብራቸውም ያ ማስታወስ የሆነ ሰው ናቸው። አያ አበረ አንድ፣ መቅዲ ሁለት፣ አሁን መርጌታ ሦስት። የእሷን ጥፋት ሦስት ሰው እየተቀባበለ ተሸክሞላታል፤ እሷ እጇን ታጥባ ቆማለች።

«አልተሳሳቱም፣ መርጌታ» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። «እኔ ነኝ የወተፍኩት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት የወተፍኩት እኔ ነኝ። አያ አበረ ምንም አላጠፉም።»

ዶክተሩ ጉጠቱን አስቀመጡ። አይናዲስ የሚሉትን ሳትጠብቅ መቅዲን በክንዷ ይዛ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል አስገባቻትና በሩን ዘጋች።

«ወተቱ አይደለም፣ መቅዲ። ወተት ጽንስ አያስወርድም። ያን ጊዜ አንቺ በዚያ ክፍል ውስጥ ቆመሽ ነበር፤ የጋዙን ማስወጫ ቀዳዳ የዘጋሁት እኔ ነኝ። በእሱ ይሁን በሌላ ማንም አያውቅም፣ አይታወቅምም። ሊሆን እንደሚችል ግን ከግንቦት ጀምሮ አውቄ ነበር።»

መቅዲ እጇን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

«ጉልበቴን ሲያሹልኝ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

መቅዲ ነጭ ጋዋኗን አወለቀች፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው፣ ወጥታ ሄደች። ስድብ ብትሰድባት፣ ብትጮህባት አይናዲስ ምንኛ በቀለላት። ጋዋኑን እያየች ቆማ ቀረች።

ዶክተር አምደሚካኤል ያን ቀን አያ አበረን ይቅርታ ጠየቁ። አይናዲስንም አልሰደቡም፤ «እኔም ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ቀና ብዬ አላየሁም» አሉና አንገታቸውን ደፉ። አያ አበረ ግን እሷ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል ይዘው አነሡዋት።

«የእኔን ተዪው» አሏት። «የእኔ የአንድ ቀን ግሣጼ ነው። የልጅቱ ነገር ከባድ ነው። እሑድ እኔ ሽማግሌ ሆኜ እሄድልሻለሁ፤ አንቺ ድንጋይሽን ተሸከሚ።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አይናዲስ በአገሩ ወግ ድንጋይ አንገቷ ላይ ተሸክማ፣ የበደለችውን ሽማግሌ አስቀድማ፣ ሰፈሯን አቋርጣ ሄደች። የመረቋት ሰዎች በየደጃፉ ቆመው አዩዋት። ልጆች ጨዋታቸውን ትተው ተከተሉ። ዓይኗን ከአያ አበረ ተረከዝ አላነሣችም።

መቅዲ በሯን ከፍታ ወጣች። አያ አበረ «ስለ እግዚአብሔር ብለሽ፣ ስለ እኔ ሽበት ብለሽ ይቅር በያት» አሏት። ድንጋዩ የአይናዲስን አንገት ቁልቁል ይጫናል።

«ይቅር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ አባቴ» አለች መቅዲ። «ሦስት ወር እግዚአብሔር ጠላኝ ብዬ ነበር። እሳቸው እያዩኝ ነበር። ዛሬ አልችልም።» ከዚያ ወደ አይናዲስ ቀርባ ድንጋዩን በሁለት እጇ ከአንገቷ ላይ አነሣችና መልሳ አስታቀፈቻት። «አይጣሉት። ነገ ወደ ክሊኒክ ይውሰዱት። መስኮቱን ነፋስ እየዘጋው አስቸግሯል፤ ይደግፈዋል።»

ድንጋዩ ዛሬም መስኮቱ ላይ አለ። አይናዲስ ሰኞ ሰኞ መጋጠሚያውን በሳሙና አረፋ ትፈትሻለች፤ በሽተኛ በሄደ ቁጥር ሲሊንደሩን ትዘጋለች፤ ልጆችን እንደ ድሮዋ ቁጭ ብላ እያጫወተች ታባብላለች፣ ጋዙ የሚከፈተው ፍርሃቱ አልገፋ ላለው ብቻ ነው። ለሚበርደው ደግሞ ከቤቷ ሁለት ሙሉ ጋቢ አምጥታለች። ሰው «ይህ ድንጋይ የምንድን ነው?» ሲላት «የእኔ ነው» ትላለች እንጂ ሌላ ምክንያት አትሰጥም። መቅዲ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ስግደቱን ትታለች። ሰላም ትላታለች፣ ዕቃ ታቀብላታለች፤ ያቺን ቃል ግን አላወጣችም፣ አይናዲስም አልጠየቀቻትም።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ ነፋሱ እንደ ልማዱ ተነሣ። ከደምበጫ የመጡ አንዲት አሮጊት ወንበሩ ላይ ተኝተው «መስኮቱን ዝጊው እባክሽ ልጄ፣ ብርድ ገደለኝ» አሏት። አይናዲስ መስኮቱን አየችው። ከዚያ ጋቢውን አጥፋ ከእግር እስከ አንገታቸው አለበሰቻቸው፤ እግራቸውንም በእጇ አሞቀችላቸው። ጥርሱ ወጣ፣ ደሙ ቆመ። አሮጊቷ ሲነሡ እጃቸውን አናቷ ላይ ጭነው «ጎዶሎሽን ይሙላልሽ» አሏት።

አይናዲስ አንገቷን እንደደፋች ቀረች። አሜን ለማለት አፏን ብትከፍት ድምፅ አልወጣ አላት፤ ዓይኗ በእንባ ተሞላ። አሮጊቷ ግራ ገብቷቸው አዩዋት።

«አሜን» አለች መቅዲ፣ ከበሩ በኩል፣ የዕቃ ሳህኑን እንደያዘች።